ጠርሙሱ የማያውቀው ፊት

«ቀይዋ፣ ነይ ግቢ!»

አሶሳ በገባሁ በማግስቱ አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ሲጣራ ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለችውን ሴት ፈለግኩ። ማንም አልነበረም። ቀይዋ እኔው ነበርኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠይም ስባል ኖሬ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ብጓዝ በአንድ ሌሊት ቀይ ሆኜ አደርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን ደስታ የሚመረምር ነው። መመርመሪያዬ ደግሞ ፋውንዴሽን የሚባለው የፊት ቀለም ነው።

«የፊት ቅባት ደግሞ ምን ሒስ ያስፈልገዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። መጽሐፍ ይሔሳል፤ ቴአትር ይሔሳል፤ ሥዕል ይሔሳል። ይሁን እንጂ ፋውንዴሽንም በየማለዳው ፊት ላይ የሚሣል ሥዕል ነው። ልዩነቱ ቀለሙን ሌላ ሰው መርጦ፣ ስም አውጥቶለት፣ በጠርሙስ አሽጎ የሚልክልን መሆኑ ነው። የትኛው ፊት ታስቦ እንደተሠራ፣ የትኛውስ እንደተረሳ፣ ጠርሙሱን በጥሞና ላነበበው ይናገራል።

የእኔ ፊት ለዚህ ሙከራ አስቸጋሪ ነው። አንደኛ፣ ወዛም ነው። ጠዋት የታጠብኩት ግንባር እኩለ ቀን ሳይደርስ እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለተኛ፣ ጠይምነቱ ከሥሩ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ፈረንጆች ይህን የወይራ መልክ ይሉታል፤ ያልበሰለውን የወይራ ፍሬ አስበው ነው። ለእኛ ግን ወይራ ማለት የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠንበት ጭስ፣ የአዛውንት ከዘራ ነው። አማርኛ ለመልክ ቃል ቸግሮት አያውቅም፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር እንላለን። ነገር ግን እነዚህ ቃላት የሚለኩት የፊትን ፍካትና ጥቁረት ብቻ ነው። ከሥር ያለው ቢጫ ይሁን ቀይ ወይም አረንጓዴ አይነግሩንም። ፋውንዴሽን የሚስማማው ግን ሁለቱም ሲገጥሙ ነው።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ሒሱን ያቀለዋል። ዋናዎቹ ቀለሞች አራት ናቸው። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ከእነዚህ ቅልቅል የአብዛኛው ሰው መልክ ይወጣል። ነጩ ሲበዛ ጠይምና ጥቁር ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀዩ ሲበዛ ደግሞ ሸክላ ይመስላል። ወደ አረንጓዴ ለሚያደላ ፊት ቢጫውን ከፍ፣ ቀዩን ዝቅ ማድረግ፣ አንዳንዴም ጥቂት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጠብ ማድረግ ይጠይቃል። በወዛም ፊት ላይ ደግሞ ከቆዳው የሚወጣው ቅባት ከቀለሙ ጋር ሲቀላቀል ጠዋት የተቀባው ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ መግዛት ራስን ማታለል ነው። መንጋጋ ጠርዝ ላይ ቀብቶ፣ ወደ ፀሐይ ወጥቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሶሳ ለዚህ ፈተና ተስማሚ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ1,500 ሜትር በላይ ቢሆንም የመጋቢት ፀሐይዋ ምሕረት የላትም። አንድ ወር በቆየሁበት ጊዜ ሦስት ጠርሙሶች ሞከርኩ።

የመጀመሪያውን እዚያው ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ገዛሁት። ስሙ «ናቹራል ቤዥ» ይላል፤ ተፈጥሯዊ ማለቱ ነው። የማን ተፈጥሮ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስቀባው ሮዝ ነበር፤ ሲደርቅ አመድ ሆነ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከላብ ጋር ወርዶ የነጠላዬን ጥለት አበላሸው። ይህኛው ወዝንም ጠይምነትንም ያላሰበ ጠርሙስ ነው።

ሁለተኛውን ከመርካቶ ይዤው ሄጄ ነበር። «ማት» የሚል ተጽፎበታል፤ ወዝ የሚመጡ ዱቄቶች አሉበት ማለት ነው። እውነትም እስከ እኩለ ቀን ግንባሬ አላበራም። ቀለሙ ግን ጠዋት ደህና ቢጫ የነበረው ለምሳ ስቀመጥ ብርቱካን ሆኖ አገኘሁት። ወዙን ችሎ መልኩን የሳተ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ነው። ዋጋው የግማሽ ወር የቤት ኪራዬን ያህላል። እንደ ሌሎቹ በቅጽል ስም የሚጠራ ሳይሆን ቁጥርና ፊደል ያለው ነው። ቁጥሩ ፍካቱን፣ ፊደሉ ከሥር ያለውን ቀለም ያመለክታል። ቀባሁት፤ ጠፋ። ፋውንዴሽን ሲያምር እንዲህ ነው፤ የት እንደተቀባ አይታወቅም። እስከ ማታ ድረስ ወዙን አንድ ጊዜ በሶፍት ከመጥረግ በቀር ምንም አላደረግኩም። ለሦስተኛው ጠርሙስ ጥሩ ነጥብ ሰጠሁ። ሒሱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቀላልና ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣው ነበር።

ነገር ግን አሶሳ ውስጥ አንዲት ወዳጅ አለችኝ። የበርታ ተወላጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። ታናሽ እህቷ ልታገባ ስለነበር «አንቺ የአዲስ አበባ ሰው ነሽ፤ ሙሽራዋን አንቺ ሜካፕ ትሠሪያታለሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ። አብረን ወደዚያው ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ከመሀል አገር የመጣ። ለሙሽራዋ የሚሆን እንደምንፈልግ ስነግረው ወዳጄን ቀና ብሎ አያትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ለአንቺ አለ። ጥቁሩን ግን አላመጣም፤ አይሄድም» አለኝ። አይሄድም ማለቱ ገዢ የለውም ለማለት ነው።

ወዳጄ ሳቀች። ከመስተዋቱ ሥር ተደርድሮ የነበረውን የሚያቀላ ክሬም በጣቷ እያሳየች፣ «ለእኔማ አለ፤ ያውልህ» አለችው።

ነገሩ ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከላይ የቀይ ፊት ፋውንዴሽን፤ ከታች ጥቁሩን ወደ ላይኛው ፋውንዴሽን የሚያደርስ ክሬም። ሱቁ ጥቁር ደንበኛ የለኝም አላለም፤ ጥቁር ሆና የምትቀር ደንበኛ የለችኝም ነው ያለው። ከእነዚህ ክሬሞች በብዙዎቹ ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ በአንዳንዶቹም ሜርኩሪ ይገኛል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማቅሊያዎች ከገበያ እንዲወጡ ይደነግጋል። ጥቁር ፋውንዴሽን አይሄድም የተባለበት ሱቅ ውስጥ ግን ክሬሙ ይሄዳል።

በሠርጉ ዋዜማ ያለኝን ሁሉ ደባለቅኩ። ሦስቱን ጠርሙሶች፣ የቅንድብ ቀለም፣ ቡናማ የከንፈር ቀለም። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የጥቁር ሴቶች የመዋቢያ ታሪክ የድብልቅ ታሪክ ነው። ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ስትደርስ ፊት የሚያስውበው ባለሙያ «የራስሽን ፋውንዴሽን ይዘሻል?» ብሎ እንደጠየቃት ተናግራለች። በ1994 በስሟ የመዋቢያ ድርጅት አቋቋመች። ከእርሷ በፊት የኤቦኒ መጽሔቷ ዩኒስ ጆንሰን የራሷ ትርኢት ሞዴሎች ከመድረክ ጀርባ ቀለም ሲደባልቁ አይታ በ1973 ፋሽን ፌር የተባለውን ምርት ጀመረች። የእኛዋ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቲ ላውደር መልክ ስትሆን በድርጅቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች፤ ድርጅቱ ያኔ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2017 ሪሃና ፌንቲን በ40 ዓይነት መልክ ስታወጣ የዓለም ገበያ ደነገጠ፤ ጥቁሮቹ ቀድመው አለቁ። ስለዚህ «አይሄድም» የሚለው የነጋዴ ቃል በዓለም ገበያ ፊት ቆሞ ሐሰት ሆኗል። አሶሳ ግን ያ ዜና በጠርሙስ ሆኖ አልደረሰም።

የደባለቅኩትን ሙሽራዋን ቀባኋት። ፊቷ አመድ ሆነ። ጠቆር ላድርገው ብዬ ጨመርኩበት፤ አፈር መሰለ። አንገቷና ፊቷ የሁለት ሰው ሆኑ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ መስተዋቱን አይታ ዝም አለች። እጇ ላይ ሂናው ገና መድረቁ ነበር፤ ጠይም ቀይ ሆኖ፣ ከጥቁር ቆዳዋ ጋር ተስማምቶ ያምራል። እናቷ መጡ። ጉንጫቸው ላይ በልጅነት የተተለተሉት ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ፤ በበርታዎች ዘንድ በድሮ ሰው ፊት የሚታይ ምልክት ነው። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩና በሩጣና አንድ ነገር ተናገሩ። ወዳጄ ልትተረጉምልኝ ትንሽ አመነታች።

«‹ልጄ፣ ምኗን ነው የምትሸፍኚው?› ነው የሚሉሽ» አለችኝ።

ስለዚህ ጥያቄ ብዙ አስቤአለሁ። ያደግንባቸው መዋቢያዎች ምን ያደርጋሉ? ኩል ዓይንን ያደምቃል። እንሶስላ እጅና እግርን ያቀላል። ንቅሳት አንገትንና ድድን ያስጌጣል። የወይባ ጭስ ገላን ያወዛል። የእኚህ እናት ጉንጭ ላይ ያለው መስመርም ፊትን ይጽፍበታል እንጂ አይደመስሰውም። ሁሉም ባለው መልክ ላይ የሚጨምሩ ናቸው። ፋውንዴሽን ግን አስቀድሞ «ቀለምሽ ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር የሌላትን ሴት የሚመልሳት ባዶ እጇን ነው፤ ወይም ወደ ክሬሙ ነው። ይህን ስል ፋውንዴሽን ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ዛሬም እቀባለሁ። የምለው ጥያቄው ከተጠየቀ መልሱ ለሁሉም መኖር አለበት ነው።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። ከሠርጉ በኋላ ሌላ ሹፌር እንዲሁ «ቀይዋ» ሲለኝ «ጠይም ነኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «እዚህ ጠይም የለም። ወይ ቀይ ነሽ፣ ወይ ጥቁር» አለኝ።

ትክክል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀይና ጥቁር የመልክ ቃላት ብቻ አይደሉም። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ኮሞው በአንድ ወገን፣ ከደጋ የመጣው በሌላ ወገን የሚከፈሉባቸው ቃላት ናቸው። ከኋላቸውም ደጋው የምዕራቡን ሕዝብ «ሻንቅላ» እያለ የሚጠራበት፣ ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለ። ከፊታቸውም መተከል አለ። በ2013 ዓ.ም. በዚያ ዞን ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ሲገደሉ አይተናል። ቀለም የሰው መለያ ሲሆን አንድ ቀን አንዱን ወገን ከፍ ያደርገዋል፤ ሌላ ቀን ያንኑ ወገን ያስገድለዋል። በመጀመሪያው ቀን «ቀይዋ» ስባል የተሰማኝ ደስታ ከዚህ ታሪክ የተበደርኩት ነበር። ፊቴ አልተለወጠም፤ የቆምኩበት መደርደሪያ ነው ከፍ ያለው።

የሦስተኛው ጠርሙስ ነጥብ አልተቀነሰበትም፤ ለተሠራበት ፊት ጥሩ ሥራ ነው። የሙሽራዋን ፊት ግን ታጥባ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ የሰሊጥ ዘይት ቢጤ ተቀብታ ወጣች። በፎቶው ላይ ከእኔ አጠገብ ቆማለች። ታምራለች።

ከአሶሳ ከመነሣቴ በፊት ከወዳጄ ጋር ወደ ሱቁ ተመልሰን ለእርሷ የሚሆነውን ቁጥር በወረቀት ጽፈን ሰጠነው። ባለሱቁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «አስመጣለሁ፤ ግን ባይነሣስ? ቀብድ ብታስይዙ ይሻላል» አለ።

ወዳጄ ቦርሳዋን ከፍታ ብሩን እየቆጠረች ጠየቀችው። «ቀዩን ከሚገዙትም ቀብድ ትቀበላለህ?»

ባለሱቁ አልመለሰላትም። ደረሰኙን ጻፈላት።