ስሙ የልዑሉ፣ ዛፉ የኛ

የወፍ መለያ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ይተቻል ወይ? እኔ ይተቻል ባይ ነኝ። ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾው በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ ታሪክ ያወራል። ጥያቄዬ ታሪኩ ውስጥ ማን አለ፣ ማንስ የለም ነው።

የሚገባውን ምስጋና ላስቀድም። ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስትሄዱ ወይጦ ላይ ውረዱና ግለጡት (የጣናዎቹን ወይጦዎች ማለቴ አይደለም፣ የፀማዮቹን ቆላ ነው)። ግራሩ ላይ ያለውን ሁሉ «ወፍ» ብሎ ማለፍ ያበቃል። ሥዕሎቹ ግሩም ናቸው። ኮሪ ባስታርድ የምትባለው ግዙፍ ወፍ ስትራመድ ቀይ ንብ በል ጀርባዋ ላይ ተፈናጣ ከሳሩ የሚነሳውን አንበጣ ትለቅማለች፤ ሁለቱንም ለይቼ መጥራት የቻልኩት በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነው።

ግን መጥራት በማን ስም? ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ አንዲት ውብ ቱራኮ አለች። ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ በ1893 እዚሁ ደቡብ ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ መካከል የዚች ወፍ ናሙና ተገኘ፣ ከየት እንደተወሰደች ግን አልተጻፈባትም። በ1896 ሳልቫዶሪ በልዑሉ ስም ሰየማት። አስቡት፦ የሰውየው ስም ተረፈ፣ የቦታው ስም ጠፋ! የወይጦ ወንዝ የሚወርድበት ጨው ባሕርም በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆኔል ሲደርሱበት በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሚስት «ስቴፋኒ» ተብሎ ነበር። ሐይቁ ስሙን አስመልሷል። ወፏ ገና ናት።

ይሄ የኩራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ስም እውቀት ይይዛል። አማርኛው «አባ ኮዳ» ሲል ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ አንገቱ ላይ ኮዳ አንጠልጥሎ እንደሚዞር ሥዕል ሳያስፈልግ ታያላችሁ። ማር የምትመራውን ወፍ ደግሞ ውሰዱ። ሰሜን ኬንያ ያሉ ቦረናዎች አፏጭተው ይጠሯታል፣ እሷም ወደ ቀፎው ትመራቸዋለች። ሁሴን አይሳክና ራየር በ1989 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በቁጥር አሳዩት፦ ያለ እሷ ንብ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከእሷ ጋር 3 ሰዓት ገደማ። ማር ቆራጩ ድሮም የሚያውቀው ነገር ነው። የመለያ መጽሐፍ ግን መጠኗን፣ ላባዋንና ድምጿን ነግሮን ያልፋል፤ የሚያናግራት ሰው ከገጹ ውጭ ነው።

እና መፍትሔው ሁሉንም በአማርኛ መተርጎም ነው? ቀስ በሉ። ወይጦ ላይ አማርኛም የመጣ እንግዳ ነው፤ የፀማይኛውን ስም ደፍጥጦ «ጅግራ»፣ «እርኩም» ብሎ መሄድ ልዑሉ ያደረገው ዓይነት ነው፣ ያውም በጎረቤት እጅ። እኔ የምፈልገው ያነሰ ነው። ቀጣዩ እትም ከላቲኑ ጎን አንድ ባዶ መስመር ይተው። ገበያ ቀን ወይጦ ላይ እስክሪብቶ ይዞ የሚሞላው ልጅ አይጠፋም።