ነጋዲ ወይስ ነጋዴ
በቢስክሌት ከፍሎሬንስ እስከ ሮማ ስለ ተጻፈ አንድ መጽሐፍ

መንገደኛ ሁሉ ተሳላሚ አይደለም። በግዕዝ ነጋዲ የሚለው ቃል መንገደኛውንም፥ ሊሳለም የሚሄደውንም፥ ሸቀጥ ይዞ የሚዞረውንም በአንድነት ይይዛል። አማርኛ ግን ቃሉን ወስዶ ለገበያው ሰው ሰጠውና ለሌላው ተሳላሚ የሚል ስም አወጣለት። ቋንቋ እንዲህ አድርጎ ሲለይ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ጐዳና ይሄዳሉ፥ በአንድ ማደሪያ ያድራሉ፥ የሚለብሱትም አቧራ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚፈልጉት ነገር ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው መጽሐፍ ራሱን የተሳላሚ መጽሐፍ ብሎ የሰየመ ስለ ሆነ፥ ስሙ ይገባው እንደ ሆነ ልንመረምረው ወደድን።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን አርእስቱ «የሁለት ተሳላሚዎች ጉዞ» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ቃሉን የጻፈችው ኤልሳቤጥ ሮቢንስ ፔኔል፥ ሥዕሉን የሣለው ባልዋ ጆሴፍ ፔኔል ነው፤ ሁለቱም የአሜሪካ ሰዎች፥ የፊላደልፊያ ተወላጆች ናቸው። በ1884 ዓ.ም. ተጋቡ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። በዚያው ዓመት በመጀመሪያ ከሎንዶን እስከ ካንተርቤሪ ተጓዙ፤ ቀጥሎም ሁለት ሰው በሚነዳው ባለ ሦስት መንኰራኵር ቢስክሌት ከፍሎሬንስ ተነሥተው የቶስካናንና የኡምብርያን ገጠር አቋርጠው ሮማ ገቡ። አርእስቱ የተወሰደው ጆን ቡንያን በ1678 ካሳተመውና ወደ አማርኛ ከተመለሰ ከመቶ ዓመት በላይ ከሆነው ከዝነኛው የክርስቲያን ጉዞ መጽሐፍ ነው። የቡንያን ተሳላሚ ግን የኃጢአቱን ሸክም በጀርባው ተሸክሞ ነፍሱን ለማዳን ከከተማው ይሸሻል፤ የእነዚህ ሁለቱ ሸክም በመንኰራኵር ላይ የታሰረ ጓዝ ነው። እንግዲህ ክርክራችን ከአርእስቱ ይጀምራል።

አስቀድመን ግን የሚመሰገነውን እናመስግን። በዚያ ዘመን በቢስክሌት መሄድ ቀላል ነገር አልነበረም። ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን የቢስክሌት ጎማ ያወጣው ከዚህ ጉዞ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1888 ነው፤ እነርሱ በደረቅ ጎማ ላይ ሆነው እያንዳንዱን ድንጋይ በአጥንታቸው እየቈጠሩ ሄዱ። አገሩም ለመንኰራኵር የማይራራ ነው። የመካከለኛው ኢጣልያ አሮጌ ከተሞች ከጦርነትና ከሸለቆ ንዳድ ሸሽተው በኮረብታ ራስ ላይ የተሠሩ ናቸው። ሞንቴፑልቻኖ ከባሕር ወለል በላይ 605 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በሥሩ ያለው የቺያና ሸለቆ በብዙ ትውልድ ድካም ውኃው እስኪንጣፈፍ ድረስ ረግረግ ነበር። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፥ ሁልጊዜም ዳገት ይወጣል። የባቡር ተሳፋሪ ከዚህ ሁሉ የሚያየው ጣቢያውን ነው፤ የቢስክሌት መንገደኛ ግን በሁለት ከተማ መካከል ያለውን፥ ወይኑንና ወይራውን፥ የመንደሩን ጉድጓድና የመንገድ ዳር መስቀሉን ያገኛል። የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፤ ሌሎች የዝለሉትን መካከል ጽፎአል። ሌላም በጎነት አለው፥ አይዋሽም። ወደ ፔሩጃ የሚወስደውን ምዕራፍ «በባቡርና በቢስክሌት» ብላ ሰይማዋለች። በባቡር መሳፈርዋን በአርእስት ላይ የምታስቀምጥ ጸሐፊ በሌላውም ነገር ልትታመን ይገባታል።

ነቀፋችን ከዚህ በኋላ ነው። ኤልሳቤጥ በልጅነትዋ በካቶሊክ ደናግል ትምህርት ቤት ያደገች ናት፤ ተሳላሚ ማለት ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ነገር ግን ወደ ኢጣልያ ስትገባ አገሩን ከመጻሕፍት አስቀድማ ይዛው ገባች። ኮርቶናን «የሉቃ ሲኞሬሊ ከተማ» ትለዋለች፤ ሌላውን ወረዳ «የሽፍቶች አገር» ትለዋለች። የመጀመሪያው የሞተ ሠዓሊ ስም ነው፥ ሁለተኛው የቈየ ወሬ ነው። በመካከሉ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው ሰው ግን ስም የለውም፤ እንደ ሥዕል ጥላ ሆኖ በመንገድ ዳር ይቀራል። ባልዋ ሠዓሊ መሆኑም ይህን አበርትቶታል፤ ሠዓሊ ዐይኑ መልክን ይሻልና። መልክ ሰብሳቢ ደግሞ ሳያውቀው ነጋዴ ይሆናል፤ ከአንዱ አገር ያነሣውን በሌላው አገር ይሸጣልና።

አርእስቱ ቀልድ ነው፥ በቀልድ ላይ ይህን ያህል መክበድ አይገባም የሚል ሊኖር ይችላል። ቀልድ መሆኑን እኛም አናጣውም። ይሁን እንጂ ቃል እንደ ገንዘብ ነው፤ ብዙ እጅ በዋዛ ሲለዋወጠው መልኩ ይጠፋል። በልደት በዓል ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚደርሰውና ሥዕል ለማንሣት የሚመጣው ጐብኚ በአንድ በር ይገባሉ፤ ሁለቱን በአንድ ስም ብንጠራቸው የሚጐዳው በእግሩ የመጣው ነው።

በእኛ አስተያየት መጽሐፉ ከስሙ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ፤ ይኸውም የሞንቴ ኦሊቬቶ ገዳም ምዕራፍ ነው። ይህን ገዳም በ1313 የመሠረተው የሲዬና ባላባትና የሕግ ዐዋቂ የነበረው በርናርዶ ቶሎሜይ ነው፤ ክብሩን ትቶ በደረቅ የሸክላ ኮረብታ መካከል በረሃ ገባ። በገዳሙ አደባባይ ግንብ ላይ ሲኞሬሊ በ1497፥ ሶዶማ በ1505 ጀምረው የቅዱስ ቤነዲክቶስን ገድል ሥለውበታል። የኢጣልያ መንግሥት በ1866 ገዳማትን በሕግ በዘጋ ጊዜ ጥቂት መነኮሳት የቤቱ ጠባቂዎች ሆነው ቀሩ። የቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዐት እንግዳን እንደ ክርስቶስ አድርገው እንዲቀበሉ፥ ይልቁንም ለነዳያንና ለተሳላሚዎች እንዲተጉ መነኮሳቱን ያዝዛል። እንግዲህ ራሳቸውን በዋዛ ተሳላሚ ያሉት ሁለቱ ሰዎች፥ ያን ስም በእውነት ወደሚያከብር ቤት ደረሱ። እዚህ ኤልሳቤጥ እንግዳ ናት እንጂ ተመልካች ብቻ አይደለችም። የሚመለከተውን ሰው አገር አይለውጠውም፤ የተቀበሉት ሰው ግን ዕዳ አለበት። መጽሐፉ ይህን ዕዳ በሌሎቹም ምዕራፎች ቢያስታውስ ኖሮ ስሙን በሙሉ ባገኘ ነበር።

በዚህ አገር ከእነርሱ በፊት ያለፉትን እናስብ። በ990 የካንተርቤሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጌሪክ ከሮማ ሲመለሱ የተጻፈው መዝገብ ሰባ ዘጠኝ የማረፊያ ቦታ ይቈጥራል። ሲዬናም ከእነዚያ አንዷ ናት። መዝገቡ ከቦታው ስም በቀር ስለ መንገዱ ውበት አንድ ቃል የለውም። በ1441 ደግሞ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩ የአገራችን መነኮሳት ከግብጻውያን ጋር ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ መጥተው፥ ከዚያ ቅዱሳት ንዋያትን ለመሳለም ወደ ሮማ ወረዱ። የጉባኤው ነገር በዚህ ገጽ የሚመረመር አይደለም። ነገር ግን ፔኔሎች የሄዱትን ከፍሎሬንስ እስከ ሮማ ያለውን ጉዞ እነርሱ አራት መቶ አርባ ሦስት ዓመት ቀድመው ሄደዋል፤ ያዩትን ገጠር የሚተርክ መጽሐፍ ግን አልተዉልንም። መታሰቢያቸው ፊላሬቴ በ1445 በፈጸመው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የናስ መዝጊያ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ተሳላሚ ከመንገዱ ይልቅ መድረሻውን ስለሚያስብ ብዙ አይጽፍም፤ ብዙ የሚጽፈው መንገዱን የወደደ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉናል፥ ግን አንድ አይደሉም።

ቢስክሌቱ ራሱ ለመሳለም እንቅፋት ነው አላልንም። በኮሞ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በጊዛሎ እመቤታችን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች ቢስክሌታቸውን እንደ ስለት አግብተዋል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛውም በ1949 የቢስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋታል። በቶስካናም ከ1997 ጀምሮ ከጋዮሌ መንደር ተነሥተው በአሮጌ ቢስክሌት በነጩ የኮረት መንገድ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱ በአስፋልት እንዳይሸፈን ጠበቆች ሆነዋል። ባለፉበት አገር ላይ ዕዳ እንዳለባቸው ያወቁ ናቸውና ይህን ሥራቸውን እናከብራለን።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የኤልሳቤጥ ፔኔል መጽሐፍ የታመነና ያማረ የመንገደኛ መጽሐፍ ነው፤ ሊነበብ ይገባዋል። የተሳላሚ መጽሐፍ የሆነው ግን በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። አንባቢም ሲዘጋው ስለ ጸሐፊይቱ የጠየቅነውን ስለ ራሱ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ በመጨረሻው ጉዞው ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ሳይሆን፥ ማን እንደ ተቀበለውና ምን እንደ መለሰለት።