የሥልጣኔ ክልል ለፖለቲካ ጥናት ምን ይጠቅማል?

ፕሮፌሰር ሳሙኤል ሐንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1993 «ፎሪን አፌርስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ በ1996ም ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ የዓለም ጠብ የሚነሣው በይበልጥ ከሥልጣኔ ልዩነት ነው ብለዋል። እንደ እርሳቸው አሳብ፥ ሁሉም ባይሆን ብዙው ሥልጣኔ ዋና መንግሥት አለው፤ የኦርቶዶክሱ ሥልጣኔ ዋና መንግሥት ሩሲያ ናት። ዋናው መንግሥት በክልሉ ውስጥ ሥርዓት ያስከብራል፤ የሌላው ሥልጣኔ ዋና መንግሥት ግን በዚያ ክልል ጠብ እጁን እንዳያስገባ ይመክራሉ።

ይህ አሳብ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ገበያና ምርጫ ሕዝብን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርጉታል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፥ ሃይማኖትና ቋንቋ፥ የታሪክም ትዝታ በፖለቲካ ላይ ያላቸውን ኃይል አስታውሷል። ነገር ግን አንድ ቲዎሪ የሚመዘነው ያለፈውን በመተረኩ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም በማሳየቱ ስለሆነ፥ በዩክሬን ጉዳይ እንፈትነው።

ሐንቲንግተን ዩክሬንን ምዕራቧ ወደ አውሮፓ፥ ምሥራቋ ወደ ሩሲያ የሚያዘነብል የተሰነጠቀ አገር አድርገው አይተዋታል። ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ስላቭና ኦርቶዶክስ ስለሆኑ በመካከላቸው ጦርነት መነሣቱ የማይመስል ነው፤ የአገሪቱ ለሁለት መከፈል ግን ይበልጥ ያሰጋል ብለው ነበር። በዚያው በ1993 በዚያው መጽሔት ጆን ሚርሻይመር የመንግሥታትን ኃይል በማመዛዘን፥ ዩክሬን ሩሲያን ለመከላከል የኑክሊየር መሣሪያ ትያዝ ሲሉ ጽፈዋል። በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች ጊዜ የስንጥቁ አሳብ የተረጋገጠ መስሎ ነበር። በ2022 ግን ሩሲያ አገሪቱን በብዙ ጦር ስትወር፥ ብዙው ነዋሪዋ ሩሲያኛ የሚናገረው ካርኪቭ እንኳ ለወራሪው አልገበረችም። የሃይማኖትና የቋንቋ ዝምድና ጦርነቱን አልከለከለም፤ ከተማዪቱንም ወደ ሩሲያ አልመለሰም።

ሁለተኛው ጉድለት በአከፋፈሉ ላይ ነው። መጽሐፉ ኢትዮጵያን ከሌሎች ጋር የባህል ዝምድና የሌላት ብቸኛ አገር አድርጎ ይቈጥራታል። ሆኖም በ1965 የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በአዲስ አበባ ጉባኤ ያደረጉት በእምነት አንድ ስለሆኑ ነው። ሙስሊሙም ወገኗ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር የጠበቀና የቆየ ግንኙነት አለው። አገሪቱ ከብዙ ወገን ጋር ተያይዛ ሳለ ብቸኛ ተብላለች።

እንግዲህ የሥልጣኔ ክልል የሚለው አሳብ የሚጠቅመው የኃያላንን የይገባኛል ጥያቄ ለመረዳት ነው። ፕሬዚዳንት ፑቲን በ2021 ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው ብለው ሲጽፉ፥ አሳቡ የጸሐፊውን ፍላጎት ያስረዳናል፤ የካርኪቭን ሰው ፈቃድ ግን አይነግረንም። ተመራማሪው ይህን ጥያቄ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለው እንደሆነ፥ በኃያል ጎረቤት አጠገብ የሚኖረው ትንሽ አገር አሳቡን ሳይጠየቅ ይፈረድበታል። ስለዚህ ክልሉን ከመሣል አስቀድሞ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ ምን እንደሚል መመርመር የጥናቱ መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል።