8 ሜጋባይት ፒያሳ

የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል። ስለ ኢሙሌተር የነበረኝን አስተያየት ያስቀየረኝ ግን ይሄ ካርድ ነው።

ኢሙሌተር፣ ለማያውቀው፣ የአንድን ማሽን ሥራ በሌላ ማሽን ላይ አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለው የፕሌይስቴሽን 2 ኢሙሌተር ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ሳየው እጅ እነሳለሁ። ሥዕሉን ከድሮው ቴሌቪዥን በብዙ እጥፍ አጥርቶ ያሳያል። ጨዋታውን በፈለግኩት ሰዓት አቁሜ በነጋታው ከዚያችው ሰከንድ እቀጥላለሁ። ጥቅሙም ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። የተሠሩበት ማሽን እያረጀ ሲሄድ እነሱን ማስነሳት የሚችለው ኢሙሌተር ብቻ ይሆናል።

ሆኖም ዊኒንግ ኢለቨንን ላፕቶፔ ላይ ያስነሳሁ ማታ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳልጫወት ዘጋሁት። ሁሉም ነገር ነበረ። ግን የኛ ጌም አልነበረም።

የኛ ጌም የነበረው ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠገነ አራት ጆይስቲክ። ሕጉ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ዲስኩ የጃፓኑ ቅጂ ስለነበር ኮሜንታተሩ ምን እንደሚል ከመሃላችን የሚያውቅ ባይኖርም፣ ጎል ሲገባ እኩል እንጮህ ነበር። ሜኑውንም አንብበን ሳይሆን በቦታው ነበር የምናውቀው፦ ሁለቴ ወደታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ በቃ።

ባለቤቱን «ጋሼ» ነበር የምንለው። አሁን ሳስበው ከሃያዎቹ መጀመሪያ አያልፍም ነበር። ማታ ቤቱ ሲዘጋ ኤዲት ውስጥ ገብቶ ክለቦቹን ይቀያይራል። አንዱን የአውሮፓ ቡድን ጊዮርጊስ ብሎ ማልያውን ብርቱካናማ አደረገው። ሌላውን ቡና አለው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ደግሞ እኛን፣ የሰፈር ልጆቹን፣ አስገባን። ጌሙ የኛን ፊደል ስለማያውቅ ስማችን በላቲን ነው የተጻፈው፣ ያውም ተቆርጦ። እኔ የግራ ተከላካይ ነበርኩ። ፍጥነቴን ዝቅ አድርጎት ስለነበር «ጋሼ፣ ጨምርልኝ እንጂ!» ስለው፣ «አንተ መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያቺ ክፍልም ሄደች። አደባባዩ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ቆሞ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ሐውልት ይመለሳል። የሰፈር ሰው ግን አንዴ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ማን ይሰበስበዋል?

ኢሙሌተር ላይ ያለኝ ትችትም እዚህ ጋ ይጀምራል። እኛ «ጌሙን አትርፈናል» ስንል ዲስኩን ማለታችን ነው። ዲስኩ ግን የትም አለ፤ በዓለም ላይ በብዙ ሺህ ኮፒ ተቀምጧል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረው የጋሼ ሜሞሪ ካርድ ነው።

ደግነቱ ጋሼ ካርዱን አልጣለውም። ተፈላልገን ጊዮርጊስ አጠገብ ተገናኘንና ከቁልፍ መያዣው ጋር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ከተዋስኩት አሮጌ ፕሌይስቴሽን ላይ ወደ ፍላሽ ገልብጬ፣ ከፍላሹ ወደ ኢሙሌተሩ አስገባሁት። መጀመሪያ አላነበበውም፤ የጫንኩት ጌም የአውሮፓው ቅጂ ስለነበር የጃፓኑን ሴቭ አያየውም። በጃፓኑ ሳስነሳው ብርቱካናማው ማልያ ብቅ አለ። የግራ ተከላካዩም አለ፣ እንደ ድሮው ቀርፋፋ።

ከዚህ የተማርኩት ለጌም ብቻ የሚሆን አይደለም። ኢሙሌተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። ሴቭ ስቴት የሚባለው የማሽኑን ሙሉ ሁኔታ በአንድ ቁልፍ ይይዛል። ፈጣን ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን ኢሙሌተሩ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ የድሮው ላይከፈት ይችላል። በዛ ላይ መሸነፍን ያጠፋል፤ ጎል ሲገባብህ ወደኋላ ትመልሰዋለህ። ሜሞሪ ካርዱ ደግሞ አሰልቺ ነው፣ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ጠብቀህ ታስቀምጣለህ። ግን ከማሽን ወደ ማሽን ይሻገራል። ጋሼ ያስቀመጠው በሴቭ ስቴት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ላፕቶፔ ላይ ምንም አይኖርም ነበር።

ለኛ ይሄ አዲስ ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዛ በፊት፣ ከዛም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ አማርኛ የተጻፈው እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ባለው ፎንት ነበር። የአባቴን የድሮ ጽሑፎች ስከፍት ፎንቱ ስለሌለኝ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው የማየው። ፋይሉ አልተበላሸም። አንባቢው ነው የጠፋው።

ስለዚህ አንድ መሣሪያ ስመርጥ፣ የማስታወሻ አፕም ይሁን የፎቶ ማስቀመጫ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ይሠራል?» ሳይሆን «ነገሬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለውን ነው። ማስታወሻዬን በተራ የጽሑፍ ፋይል የምጽፈው ለዚህ ነው። ያምራል? አያምርም። ግን ኔትወርክ ሳይኖር ይከፈታል፣ የትኛውም ማሽን ያነበዋል።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ራሴን እንዳላታልል። ከካርዱ ያዳንኩት ስሞችን ነው። አግዳሚው ወንበር አልተረፈም። ኢሙሌተሩ በኢንተርኔት ሰው ያገናኘኛል፣ ግን የሚያገናኘኝ ሰው መብራት ሲጠፋ ስለ ውጤቱ አይጨቃጨቀኝም። ኢሙሌተርን «ታሪክ ጠባቂ» ብለው የሚያሞግሱት ሰዎች ይሄን ልዩነት ቢናገሩ ደስ ይለኛል፤ የሚጠብቀው ማሽኑን ነው። ሰዎቹን መፈለግ የኛ ሥራ ነው።

ባለፈው እሑድ ጋሼን ቤቴ ጠርቼ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ጊዮርጊስን ያዘ፣ እኔ ቡናን። 3 ለ 1 አሸነፈኝ። ሴቭ ስቴቱን ተጭኜ ልመልሰው ስል እጄን ያዘኝና፣ «ተው እንጂ፣ ክፈል» አለ።