ከታማሚው አንጎል የማይርቅ ሥራ

ሳይንሳዊ ጽሑፍን ብዙ ጊዜ የምናነበው ለውጤቱ ነው፤ ምን ተገኘ ብለን ጠይቀን እናልፋለን። እንዴት ተሠራ ብሎ ለሚመረምር አንባቢ ግን የሚሼል ጎደርት ሥራዎች ጊዜ ሰጥተው ቢያነቧቸው የሚክሱ ናቸው። የሉክሰምበርግ ተወላጁ ጎደርት በካምብሪጅ፣ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ አልዛይመርና ስለ ፓርኪንሰን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጽፈዋል። ጽሑፎቹን አንድ ልማድ ያስተሳስራቸዋል፤ በላቦራቶሪ የተገኘው ነገር ወደ ታማሚው አንጎል ተመልሶ ይፈተናል።

ከ1988 (እ.ኤ.አ.) እንጀምር። በአልዛይመር ታማሚ የነርቭ ሕዋሶች ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች እንዳሉ አሎይስ አልዛይመር በ1906 ተናግረው ነበር። በ1963 ማይክል ኪድ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ መሆናቸውን ገለጹ። ከምን እንደተሠሩ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆየ፤ ክሮቹ በቀላሉ አይሟሙምና። ጎደርት፣ ክላውድ ዊሺክ፣ ቶኒ ክራውዘር፣ አሮን ክሉግና ባልደረቦቻቸው ክሩን መጀመሪያ ለኢንዛይም ሰጡት። ላዩ ላይ ያለው ልል ሽፋን ተበልቶ ሲያልቅ ኢንዛይሙ ያልደፈረው እምብርት ቀረ። ከእምብርቱ ፕሮቲን ወስደው የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል በከፊል አነበቡ፤ በዚያ እየተመሩም ከአንድ የአልዛይመር ታማሚ አንጎልና ከፅንስ አንጎል በተዘጋጁ የጂን ቅጂዎች ውስጥ የፕሮቲኑን ጂን ፈልገው አወጡ። የተገኘው ታው ነበር፤ በጤናማ ነርቭ ውስጥ የሕዋሱን ጥቃቅን ቱቦዎች ደግፎ የሚያቆመው ፕሮቲን።

ታው በክሮቹ ውስጥ እንዳለ ከዚያ በፊትም በአንቲቦዲ ተጠቁሟል። አንቲቦዲ ግን ከውጭ የተጣበቀ ፕሮቲንንም ሊያሳይ ይችላል። የ1988ቱ ማስረጃ የመጣው ከራሱ ከክሩ እምብርት ስለሆነ፣ ታው በአጋጣሚ የተለጠፈ ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው መውጫው ጠበበ። በዓመቱ ቡድኑ በሰው አንጎል ውስጥ ስድስት ዓይነት ታው እንዳለ አሳተመ፤ አጭሩ 352፣ ረጅሙ 441 አሚኖ አሲድ አለው። ከስድስቱ ሦስቱ አንድን ተመሳሳይ ክፍል ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱ ደግሞ አራት ጊዜ ይደጋግማሉ። ያኔ ደረቅ ዝርዝር ይመስል የነበረው ይህ ቆጠራ ከዓመታት በኋላ በሽታን ከበሽታ መለያ ሆነ።

ስለ ፓርኪንሰን የሚናገረው የ1997ቱ ጽሑፍ ደግሞ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ፓርኪንሰን በዘር በሚወርድባቸው የጣልያንና የግሪክ ቤተሰቦች ላይ የአልፋ ሲኑክሊን ጂን ስህተት አግኝተው ነበር። ቤተሰቦቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ታማሚ ያ ስህተት የለበትም። ስለዚህ ግኝቱ የጥቂቶች ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ማሪያ ግራዚያ ስፒላንቲኒ፣ ጎደርትና የአሜሪካ ባልደረቦቻቸው አንድ ጥያቄ አነሱ፦ በተራው ታማሚ አንጎል ውስጥስ ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ተከማችቷል? ፍሬድሪክ ሌዊ በ1912 የገለጿቸውን በሕዋስ ውስጥ የሚገኙ ጓሎች አልፋ ሲኑክሊንን በሚለይ አንቲቦዲ ሲፈትኗቸው ቀለሙን በደንብ ያዙ። የጥቂት ቤተሰቦች ጂን ከብዙኃኑ በሽታ ጋር የተገናኘው በእነዚህ ሁለት ገጾች ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ጎደርትና ሾርስ ሼረስ የሚመሩት ቡድን ከአንድ የአልዛይመር ታማሚ አንጎል የወጡ ክሮችን በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ከረጅሙ ታው 441 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ከ306ኛው እስከ 378ኛው ያሉት በላቲኑ ‹ሲ› ቅርጽ ታጥፈው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ታዩ። በ2018 ፒክ የሚባለው ሌላ የአንጎል በሽታ፣ በ2020 ደግሞ ኮርቲኮቤዛል ዲጄነሬሽን የሚባለው በሽታ ክሮች ተፈተሹ፤ አጣጠፋቸው ሌላ ሌላ ሆነ። በአልዛይመር ስድስቱም ዓይነት ታው ይገባሉ፤ በፒክ ሦስት ጊዜ የሚደጋግሙት፣ በሦስተኛው አራት ጊዜ የሚደጋግሙት ናቸው። ነጠላ ያው ነጠላ ሆኖ ሳለ አጣፋፉ ሐዘንተኛውን ከድግስ ታዳሚው እንደሚለይ፣ ያው ታውም በአጣጠፉ የትኛው በሽታ እንደሆነ ይናገራል።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን የ2019ኙን ጽሑፍ ነው። ጎደርትና ባልደረቦቻቸው በ1996 ታውን ሄፓሪን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር በማደባለቅ የአልዛይመርን የሚመስሉ ክሮች በሙከራ ቱቦ ውስጥ መሥራት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ዘዴው ቀላል ስለሆነ በየላቦራቶሪው ተሠራበት። በ2019 እነዚያኑ ክሮች በአዲሱ መሣሪያ ሲፈትሹ ቅርጻቸው ብዙ ዓይነት ሆነ፤ ከአልዛይመርም ከፒክም ጋር አልገጠመም። ይህን ጥግ ላይ አልሸሸጉትም፤ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ በግልጽ ይናገረዋል። ከጸሐፊዎቹ መካከል የ1996ቱ ጎደርትና ክራውዘር አሉበት። ጉድለቱን አሳይተውም አልተቀመጡም፤ በ2022 ሄፓሪን ሳይጨመር በቱቦ ውስጥ የተሠሩ፣ ከአልዛይመሮቹ ጋር በአጣጠፍ አንድ የሆኑ ክሮችን ይዘው ቀረቡ።

አጻጻፋቸው ደረቅ ነው፤ ለተራ አንባቢ እጁን አይዘረጋም። አልዛይመርንም የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። መድኃኒት ፈላጊው ግን ዛሬ የሚያነጣጥርበትን ቅርጽ ያውቃል። አንባቢ ሆይ፣ ስለ መርሳት በሽታ አዲስ ግኝት ስትሰማ አስቀድመህ አንድ ነገር ጠይቅ፦ የታየው በታማሚ ሰው አንጎል ነው ወይስ በቱቦ ውስጥ ብቻ?