የላፍቶ ጉሊት

ላፍቶ ውስጥ ለአንድ ወጥ ሽንኩርት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መንገድ ዳር ማዳበሪያ ዘርግተው የተቀመጡ እናቶች ቲማቲሙን፣ ድንቹንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ደርድረው ይጠብቃሉ። ለእነዚህ ሴቶች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ የተዛወረው ንግድ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደ እኛው ክፍለ ከተማ፣ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መጣ። የጅምላው ግብይት በኩንታልና በሳጥን ነው። የጉሊት ነጋዴዋ ግን በማለዳ ገዝታ፣ የተበላሸውን ለቅማ፣ ለዕለት ወጥ በሚበቃ መጠን ከፋፍላ ታቀርባለች። ደመወዝ የራቀበት ሠራተኛ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ተከራይ፣ ለብቻው የሚያበስል ተማሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኪሎ ለከበደው ሰው መደብ አለ።

እኔ በተለይ የምወደው ምርቃቱን ነው። «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» ስላቸው ሁለት ቃሪያ ወይም የጥብስ ቅጠል ጣል ያደርጉልኛል። ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው ካልኩ ሽንኩርቱን ራሳቸው ይመርጡልኛል፤ ብር ሲጎድለኝ «ነገ ታመጫለሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል። እንዲህ ያለ እምነት በሱፐርማርኬት አይገኝም። ጉሊት ባይኖር አምሽቶ ከታክሲ የሚወርድ ሰው እራቱን ከምን ይሠራ ነበር?

ክረምትና በጋ ደጅ የሚውሉት እነሱ ናቸው። መጠለያ ይገባቸዋል። እስከዚያው፣ ወገኖቼ፣ በመደብ ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ አንከራከራቸው።