በበረኛና በተከላካይ መካከል

ለሰላም ተብሎ የሚዘጋጅ የአንድ ቀን ዋንጫ ያሳስበኛል። የተኳረፉ ሁለት ሰፈሮችን በማልያ ለይቶ፣ ደጋፊያቸውን ዳርና ዳር አቁሞ ማጋጠም ጠቡን በፊሽካ ማስጀመር ነው። ባነሩ ይሰቀላል፣ ንግግሩ ይደረጋል፤ የተሸነፈው ሰፈር ማታ ምን ሲባባል እንደሚያመሽ ግን የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ የማይተዋወቁ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ በውድድር አፋጠጣቸው። በቀናት ውስጥ አንዱ ቡድን የሌላውን ባንዲራ እስከማቃጠል ደረሰ። ያበረዳቸው የቆመ መኪና ተጋግዞ በገመድ እንደመጎተት ያለ፣ አንዱ ወገን ብቻውን የማይወጣው ሥራ ነው።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ልጆች ድሮም በኳስ ይጣሉ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ግን የታላላቆቻቸው ጠብ የብሔር ስም ሲሰጠው፣ ትንንሾቹም ያንኑ ስም ይዘው ሜዳ መጡ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጨነቀው በድልድሉ ነው። ራሳቸው ከተመራረጡ ሰፈር ከሰፈር ይሆናል። በዕጣ ከቀላቀልኳቸውም በአንድ ማልያ ውስጥ ሁለት ቡድን ይፈጠራል፤ ኳሷ ከሰፈር ልጅ ወደ ሰፈር ልጅ ብቻ ትመላለሳለች። አንዱ ያለሌላው የማይሆንለት ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ያን ቦታ ያገኘሁት በረኛና መሀል ተከላካይ ጋ ነው። በረኛውን ከአንዱ ሰፈር፣ ተከላካዩን ከሌላው አደርጋለሁ። ከመስመር የተሻገረች ኳስ በሁለቱ መካከል ስትወርድ ዝም ከተባባሉ ወይ ይጋጫሉ ወይ ይገባባቸዋል። በረኛው የተከላካዩን ስም ጠርቶ «ተወው!» ማለት አለበት። መጀመሪያ ላይ «አንተ!» ብቻ ነው፤ በዚያ ጩኸት መሀል ደግሞ «አንተ» የተባለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጎል ሲገባ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው አንዱ በሌላው ያሳብባል። እኔ አልቆጣም፣ አልመክርም፤ ያችኑ ኳስ ደግሜ አሻግራለሁ። እንደገና። ስሙ የሚወጣው ጎል ፈርተው ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ውኃ ሲጠጡም ይጠራሩበታል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም። የድሬ ልጅ ቋንቋ አይቸግረውም።

ከጨዋታ በኋላ ተቀምጦ መነጋገርን የወሰድኩት ከኮሎምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር፣ አገሩ ሲመለስ ሜዴሊን ውስጥ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ዩርገን ግሪስቤክ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያችው ከተማ ወጣቶችን ያለ ዳኛ ማጫወት ጀመረ። ሴትና ወንድ ይቀላቀላሉ፣ የመጀመሪያዋን ጎል የምታገባው ሴት ናት። ዛሬ በብዙ አገር ጨዋታው ሦስት ክፍል አለው፤ ደንቡን ይስማማሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ለመከባበርም ነጥብ ይሰጣጣሉ። አንድ ነገር ላይ ግን አልቸኩልም፤ ልጆቹ በደንብ ሳይተዋወቁ ፊሽካዬን አላስቀምጥም። ባልተዋወቁ ልጆች መካከል ፋውሉን የሚዳኘው ጉልበተኛው ነው። ሲለምዱ ግን ከአዋቂ ዳኛ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። «አቦ፣ ረግጦኛል፤ ግን ራሱ ነው ያነሳኝ፣ ነጥቡን ስጡት» ብሎ የተከራከረ ልጅ አለኝ።

ደስታዬን የሚገታ አንድ ጥናት አለ። ሳልማ ሙሳ በሰሜን ኢራቅ በአይሲስ የተፈናቀሉ ክርስቲያን ተጫዋቾችን፣ ገሚሱን ከሙስሊሞች ጋር ቀላቅላ አጫውታ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተመች። የተቀላቀሉት ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ ይሠሩ ነበር። ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት መግባት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እኔም ሜዳ ላይ ተቃቅፈው መንገድ ላይ አንገት የሚያዞሩ ልጆች አይቻለሁ።

ለዚህ ነው ልምምዱን ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የማፈራርቀው። የባለሜዳው ሰፈር ወላጆች ውኃ ያቀርባሉ፤ ሲመሽ እንግዶቹን የሚሸኙት የባለሜዳው ልጆች ናቸው። ረጂ ሲመጣና ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ዋንጫም ቲሸርትም አልልም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የባጃጅ ሂሳብ ነው የምጠይቀው። ሴት ልጆቹን ሲመሽ ወላጅ አይለቃቸውም፤ ባጃጅ ካለ ግን ከማዶም ይመጣሉ።